የባለ ነጭ ፊደል ጎማ አመራረጥና አጸዳድ፦ አሮጌ ኮርቬት ለያዘ ሰው

ባለ ነጭ ፊደል ጎማ፣ ማለትም ስሙ በጎኑ ላይ በነጭ የተጻፈበትን ጎማ፣ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ፊደሉ ላዩ ላይ የተቀባ ቀለም ሳይሆን ከጎማው ጋር አብሮ የበሰለ ነጭ ጎማ መሆኑን ነው። ፋብሪካው ጎማውን ሲሠራ በአንዱ ጎኑ ውስጥ ነጭ ንብርብር ያስገባና ከላይ በስስ ጥቁር ሽፋን ይሸፍነዋል። ጎማው በቅርጹ ውስጥ በሙቀትና በግፊት ከበሰለ በኋላ ፊደሎቹ ጎላ ብለው ይወጣሉ፤ ከዚያም የፊደሎቹ አናት በማሽን ሲሞረድ ጥቁሩ ሽፋን ይነሣና ከሥሩ ያለው ነጭ ብቅ ይላል። ስለዚህ ፊደሉን በሻካራ ነገር የሚፈገፍግ ባለቤት ከቆሻሻው ጋር ነጩንም እያነሣ ነው፤ ያ ንብርብር ደግሞ ስስ ነው፣ ተመልሶም አይበቅልም። ስለ ምርጫውም ሆነ ስለ አጸዳዱ ከዚህ በታች የምጽፈው በአመዛኙ ከዚህ ነገር የሚመነጭ ነው።

ጎማን ጥቁር የሚያደርገው የካርቦን ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት ለጎማው ጥንካሬ ይሰጠዋል፣ የፀሐይንም ጨረር ይመክትለታል፤ በ1910ዎቹ በጎማ ሥራ ውስጥ በስፋት ከመግባቱ በፊት የመኪና ጎማ ወደ ነጭና ወደ ግራጫ የሚያደላ ነበር። በነጩ ፊደል ውስጥ ግን ካርቦን የለም፤ በምትኩ የገባው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው፣ ለግድግዳ ቀለምና ለጥርስ ሳሙና ንጣት የሚሰጠው ዱቄት ነው። በዚህ ላይ በዙሪያው ያለው ጥቁር ጎማ ሰምና ከኦዞን የሚከላከሉ ኬሚካሎች አሉበት፤ እነዚህም ጎማው እንዳይሰነጣጠቅ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየፈለሱ እንዲወጡ ሆን ተብሎ የተጨመሩ ሲሆኑ፣ አየር ሲያገኛቸው ወደ ቡናማነት ይለወጣሉ። ነጩን ፊደል የመንገድ ጭቃና የፍሬን ዱቄት ቢያቆሽሹትም፣ ዋነኛው አቆሻሽ የገዛ ጎረቤቱ ነው።

ለምሳሌ የምወስዳት በእጄ ያለችውን፣ ኮርቬት የተባለችውን የ1978 የሸቭሮሌ ስፖርት መኪና ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ አንድ ቦታ ካልሆነ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከ1968 እስከ 1982 የተመረተው ሦስተኛው የኮርቬት ትውልድ ገላው ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ፓራፋንጎውም በጎማው ላይ እንደ ጡንቻ ያበጠ መኪና ስለሆነ፣ ባዶ ጥቁር ጎማ ሲያደርጉለት ሙሉ ልብስ ለብሶ በነጠላ ጫማ የወጣ ሙሽራ ይመስላል። ነጩ ፊደል ለእነዚህ መኪኖች ከጊዜ በኋላ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም፤ ገዢው ተጨማሪ ከፍሎ ከፋብሪካው ያዝዘው ነበር። በ1978 በኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ተወዳዳሪዎቹን ከፊት ሆና እየመራች ያስጀመረችው ኮርቬትና በአምሳያዋ ለገበያ የወጡት 6,502 መኪኖች ሰፊ የጉድይር ጎማ ከነነጭ ፊደሉ ተጫምተው ነበር የወጡት።

ከፊደሉ በፊት መታየት ያለበት

ጎማ ሲመረጥ ፊደሉ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ መጀመሪያ መጠኑ፣ ቀጥሎ ዕድሜው ይታይ። በ1968 የዚህ ትውልድ ኮርቬት ጎማ ኤፍ70-15 ይባል ነበር። «ኤፍ» የጎማውን የመሸከም ደረጃ፣ «70» የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ሲታይ ምን ያህል እንደሆነ፣ «15» የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። በ1973 ኮርቬት ወደ ራዲያል ጎማ፣ ማለትም ክሮቹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብለው ወደተዘረጉበት ዓይነት፣ ስትሸጋገር መጠኑ ጂአር70-15 ሆነ። በ1978 ደግሞ ዛሬ በምናውቀው አጻጻፍ ፒ225/70አር15 መደበኛው፣ ፒ255/60አር15 ደግሞ በምርጫ የሚታዘዘው ሆነ። መኪናዎ የየትኛው ዓመት እንደሆነች ካወቁ፣ የዘመኑን መጠን በዛሬው ቁጥር ከመተርጎም በቀር ሌላ ሥራ የለብዎትም።

ትርጉሙ በእርሳስና በወረቀት የሚሠራ ቀላል ሒሳብ ነው። የፒ225/70አር15 ጎን ቁመት የ225 ሚሊሜትር 70 በመቶ፣ ማለትም 157.5 ሚሊሜትር ነው፤ ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት ሲባዛ 315 ይሆናል፤ በዚህ ላይ የቸርኬው 15 ኢንች፣ ማለትም 381 ሚሊሜትር ሲደመር ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ 696 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው። ፒ255/60አር15 በተመሳሳይ ስሌት 687 ሚሊሜትር ይመጣል። ልዩነቱ 9 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያውን አያናጋውም፤ ፋብሪካው ሁለቱን ለአንድ መኪና የፈቀደውም ያለ ነገር አይደለም። ነገር ግን በገበያ ላይ በቀላሉ ስለሚገኝ ብቻ ብዙ ሰው የሚያስገባው 235/60አር15 ተሰልቶ ሲታይ 663 ሚሊሜትር ነው፤ ከመደበኛው 5 በመቶ ያህል ያንሳል። ይህ ማለት መለኪያው 105 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 100 ገደማ ይሆናል፤ ከዚያም የከፋው መኪናዋ ዝቅ ትልና በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጨረቃ የመሰለ ክፍተት ይፈጠራል። ነጩ ፊደል ይህን ክፍተት ይበልጥ ያጎላዋል እንጂ አይሸፍነውም።

ሰፊውን 255 የሚመኝ ሰው አንድ ነገር ያስተውል። ፋብሪካው ራሱ በ1978 ይህን ጎማ ሲያቀርብ ጎማው እንዳይነካ የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ሽፋን ቆርጦ ማስተካከል ነበረበት። መኪናዎ በጠባቡ ጎማ ከፋብሪካ ወጥታ ከሆነ ያ ቆረጣ አልተደረገላትም ማለት ነው። ስለዚህ ሰፊውን ጎማ ከመግዛት በፊት ከተቻለ አንድ ጥንድ ተውሶ ማሰር፣ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው ማዞር፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ሰው አስቀምጦ ጎማው በየት በኩል እንደሚጠጋ በባትሪ ማየት ይገባል። የዚህች መኪና የኋላ ባሌስትራ በአግድም የተኛ ነው፤ አርባ ዓመት የተሸከመ ባሌስትራ ደግሞ ረግቦ ሊሆን ይችላል፤ በወረቀት ላይ የሚበቃው ቦታ መሬት ላይ ላይበቃ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ በበኩሌ በአራቱም እግሯ 225 አድርጌላታለሁ፤ መሪዋ ቀሎኛል፣ ጎማዎቹንም ከፊት ወደ ኋላ እያዟዟርኩ እኩል አስበላቸዋለሁ።

ዘመኑን እስከ ጫፍ ለመጠበቅ የሚፈልጉ ሰዎች ክሮቹ በሰያፍ የተጠላለፉበትን የድሮውን ዓይነት ጎማ ይፈልጋሉ። በቴነሲ ግዛት በቻታኑጋ ከተማ ያለው ኮከር ታየር የተባለው ድርጅት የዚያን ዘመን ጎማዎች በአዲስ መልክ እያስመረተ ከሚሸጡት አንዱ ነው። ለትርዒት ብቻ ለምትወጣ መኪና ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው። በአውራ ጎዳና ለሚነዳት ሰው ግን አልመክርም፤ ይህ ዓይነቱ ጎማ የአስፋልቱን ቦይ እየተከተለ መሪውን ይጎትታል፣ ቆሞ ያደረ እንደሆነም የተኛበት በኩል ጠፍጥፎ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ያንገጫግጫል። በምንም ምክንያት ግን ሁለቱን ዓይነት በአንድ አክስል ላይ አያጣምሩ። በራዲያል በኩል ከእነዚህ መኪኖች ጋር አብሮ ስሙ የሚነሣው ቢኤፍጉድሪች ራዲያል ቲ/ኤ ነው፤ ፊደሉ ጎላ ያለና ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ የ225/70አር15 መጠኑም 100ኤስ የሚል ምልክት አለው። «100» እያንዳንዱ ጎማ 800 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል፣ «ኤስ» ደግሞ እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመሮጥ የተፈቀደለት መሆኑን ይናገራል። ለእሑድ ጉዞ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ መኪናዋን ወደ ውድድር ሜዳ ለሚወስድ ሰው ግን አይበቃም፤ እሱ ፊደሉን ትቶ ሌላ ዓይነት ጎማ ይፈልግ።

ዕድሜ ላይ ጥቂት እንቆይ፣ ምክንያቱም በአሮጌ ስፖርት መኪና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እንዲህ ያለች መኪና በዓመት ከሁለትና ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ስለማትበልጥ፣ የጎማው ጥርስ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ጥርሱ አዲስ፣ ፊደሉም የነጣ መሆኑ ያዘናጋል። በጎማው ጎን «ዲኦቲ» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የቀሩት ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። 2319 ካለ ጎማው የተሠራው በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲገባ ማለት ነው። አኃዞቹ ሦስት ብቻ ከሆኑ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ፣ መልኩ ምንም ያህል ቢያምር፣ መኪና ከማቆሚያ በቀር ለሌላ አይሆንም። አንዳንድ መኪና አምራቾች በ6 ዓመት እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ጎማ አምራቾች ደግሞ በአብዛኛው ከ10 ዓመት እንዳያልፍ ያሳስባሉ። ይህ ጽሑፍ በአንድ በኩል ብቻ ሙሉ ሆኖ ሊጻፍ ስለሚችል፣ በውጭ በኩል ያለው አጭር ከሆነ መኪና ሥር ገብቶ የውስጡን ጎን ማንበብ ግድ ይላል። አሮጌ መኪና ሲገዙም ስኮርታውን አይርሱ፤ ከፋብሪካው ጀምሮ ያልተነካ ስኮርታ ለሰብሳቢ ደስታ፣ ለመንገድ ግን አደጋ ነው።

ስለ ፊደሉ ዓይነት የሚባለው ትንሽ ነው። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ጎላ ያለ ፊደል አለ፤ ጠርዙ ብቻ ነጭ ሆኖ ውስጡ ጥቁር የሆነም አለ። ለ1970ዎቹ ስፖርት መኪና የሚስማማው የፊተኛው ነው። የኋለኛው በጭነት መኪናዎች ላይ ያምራል፤ ቀጭኑን መስመር ማጽዳትም ከሙሉው ፊደል ይልቅ ያታክታል።

ጎሚስታው ጋ

ነጭ ፊደል ያለው በጎማው አንድ ጎን ብቻ ነው፤ ሌላው ጎን ጥቁር ነው። በመሆኑም ጎሚስታው ጎማውን ወደ ፈለገው አቅጣጫ ገልብጦ ሊያስገባው ይችላል፤ ከሥራ ብዛት ሳያስተውል የሚገለብጥም አይጠፋም። እኔ የመጀመሪያዎቹን አራት ጎማዎች ያስገጠምኩ ዕለት ሒሳብ ከፍዬ፣ ደስ ብሎኝ እየነዳሁ ቤቴ ደርሼ፣ መኪናዋን ዞሬ ስመለከታት የቀኙ የኋላ ጎማ ጥቁር ጎኑን ወደ ውጭ ሰጥቶ አገኘሁት። ተመልሼ ስሄድ ማስገልበጫ ሌላ ክፍያ ተጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ «ነጩ ወደ ውጭ» የሚለው በሥራ ማዘዣው ላይ ተጽፎ ካላየሁ ቁልፉን አልሰጥም፤ ከመክፈሌ በፊትም መኪናዋን በአራቱም በኩል እዞራታለሁ።

ከዚህ ጋር ሦስት ነገር ይጠይቁ። የማሽኑ ጥርስና ማንሻ ፊደሉን እንዳይቧጭረው ጎማው ነጩ ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ይግባ፤ የጎማው ጠርዝ ቸርኬው ላይ እንዲንሸራተት የሚቀባው ቅባት ሥራው እንዳለቀ በውኃ ይታጠብ፤ የባላንስ እርሳሱም ከተቻለ በቸርኬው ውስጠኛ በኩል የሚለጠፈው ዓይነት ይሁን። ለትርዒት የሚያዘጋጁ ሰዎች የጎማው ስም በአራቱም ጎማ ላይ ከቫልቩ ትክክል እንዲሆን ያደርጋሉ፤ ይህ ለመኪናዋ ጤና የሚጨምረው ነገር ባይኖርም፣ አራቱም ቆመው ሲታዩ የሥራውን ጥንቃቄ ያሳያል፤ ባላንስ ከመደረጉ በፊት ከተነገረውም ጎሚስታውን የሚያስወጣው ጊዜ ጥቂት ነው።

ሰማያዊው ሽፋን

አዲስ ባለ ነጭ ፊደል ጎማ ሲመጣ ፊደሉ ነጭ ሳይሆን ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል። አንድ ወዳጄ ይህን አይቶ «ያላዘዝኩትን ቀለም ላኩልኝ» ብሎ ሊመልሰው ነበር። ሰማያዊው መከላከያ ነው፤ ጎማዎቹ በመጋዘን ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ሲቆዩ የላይኛው ጥቁር ጎማ ኬሚካል ወደ ታችኛው ነጭ እንዳይሻገር ፋብሪካው የሚቀባው፣ በውኃ የሚለቅ ሽፋን ነው። ሥራው የሚያበቃው ጎማው መኪናው ላይ በተገጠመ ዕለት ስለሆነ በዚያው ዕለት ይታጠብ። በፀሐይ ከደረቀና ከመንገድ ቅባት ጋር ከተላወሰ ግን ድንበሩን እያለፈ አረንጓዴ መሳይ ጥላ ይተዋል።

ለብ ያለ ውኃና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በባልዲ ይበጥብጡ፤ ፊደሎቹን በደንብ አርጥበው ሁለትና ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሽፋኑ እንደ አጥሚት ሲወፍር በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። ብዙው ወዲያው ይሄዳል፤ የሚቀረው በክብ ፊደሎች ውስጥና ፊደሉ ከጎማው ጋር በሚገናኝበት ሥር ነው። ለዚህ ከአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም፤ ሊስትሮ የጫማ ስፌት እንደሚፈገፍግ በአጭር በአጭሩ እየገፉ በየጥጉ መዞር ነው። ውኃው ሰማያዊ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ እያለቀለቁ ይድገሙት። ቤንዚን፣ ቀለም ማቅጠኛ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እዚህ ቦታ የላቸውም፤ ሽፋኑ በውኃ እየለቀቀ ጎማውን የሚያቀልጥ ነገር ማምጣት ለምን ያስፈልጋል?

የዘወትሩ አጠባ

ጎማ የሚታጠበው ከቀረው ገላ በፊት ነው፤ ካልሆነ ከጎማው የሚፈናጠረው ቆሻሻ በታጠበው ቀለም ላይ ያርፋል። መኪናዋ በጥላ ሥር ትቁም፤ ጎማውና ፍሬኑ በእጅ ሲነኩ የበረዱ ይሁኑ፤ ሥራውም አንድ ጎማ ጨርሶ ወደ ሌላው በመሄድ ይሁን እንጂ አራቱንም ባንድ ጊዜ ሳሙና ቀብቶ መዞር አይገባም፤ ሳሙናው ይደርቅና ራሱ እድፍ ይሆናል።

እኔ ሁለት ባልዲና ሦስት ብሩሽ እይዛለሁ። አንደኛው ብሩሽ ጠንከር ያለ፣ ለጥቁሩ ጎን፤ ሁለተኛው ለስላሳ፣ ለቸርኬው፤ ሦስተኛው ያ የጥርስ ብሩሽ ለፊደሉ ነው። የቸርኬው ብሩሽ የፍሬን ዱቄት ስለሚሸከም ወደ ፊደሉ አይሻገርም። ቸርኬው ቀድሞ ይታጠባል፤ ቀጥሎ ጥቁሩ ጎን በሳሙና ይፈገፈጋል። አረፋው መጀመሪያ ቡና ይመስላል፤ ይህ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት፣ ከጎማው ውስጥ ፈልሶ የወጣው ቡናማ ነገርና ካለፈው ጊዜ የቀረ የጎማ ማብለጭለጫ ነው። አረፋው ነጭ እስኪሆን ድረስ እያለቀለቁ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ፊደሉ ቶሎ ቶሎ ቡናማ ይሆንብኛል የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉን ብቻ እያጠበ ዙሪያውን የተወ ሰው ነው፤ ዙሪያው ካልጠራ የዛሬው ንጣት ለነገ አይቆይም።

ጥቁሩ ከጠራ በኋላ ፊደሉ ራሱ ከግማሽ በላይ ነጥቶ ይገኛል። የቀረውን በጥርስ ብሩሽና በዚያው ሳሙና መጨረስ ነው። በወር አንዴ እንዲህ የሚደረግለት ጎማ ለዓመታት ከዚህ የበለጠ ነገር አይፈልግም።

እምቢ ያለ እድፍ

ሳሙና የማያነሣው ሲሆን ለነጭ ጎማ ተብለው የሚሸጡ ማጽጃዎች አሉ። ብዙዎቹ ኃይለኛ አልካሊ ስለሆኑ ይሠራሉ፤ በዚያው ልክ ግን የአሉሚኒየም ቸርኬን ያደበዝዛሉ፣ የቸርኬ ቀለምንም ያበላሻሉ። ከሁለት በጋ በፊት በጠራራ ፀሐይ አንዱን ጎማ ላይ ረጭቼ ስልክ ሳነጋግር ቆየሁ፤ ስመለስ ፊደሉ ነጥቶ ነበር፣ የቸርኬው ጠርዝ ግን እንባ የወረደበት ፊት መስሎ ነጭ መስመሮች ወርደውበት አገኘሁት። እነዚያ መስመሮች በአሉሚኒየም ማጥሪያ ቅባት የግማሽ ቀን ክንድ ጠይቀውኛል፤ ከአንደኛው በቀርም ለቅቀዋል። ስለዚህ ማጽጃው ብሩሹ ላይ ይረጭ እንጂ ጎማው ላይ አይረጭ፤ ቸርኬው ቀድሞ በብዙ ውኃ ይራስ፤ ፊደሉ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተፈግፍጎ ሳይደርቅ በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ እጅ ላይ ጓንት፣ ዓይን ላይ መነጽር ይሁን።

በረኪና ብዙ ሰው ከኩሽና የሚያመጣው መፍትሔ ነው። ነጩን ለጊዜው ያነጣዋል፤ ጎማውን ግን ያደርቀዋል፤ ደጋግሞ የተቀባው ፊደል ጠርዝ ጠርዙን ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል። ከሁሉ በላይ አንዳንድ የቸርኬ ማጽጃዎች አሲድ አላቸው፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳምባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። በዝግ ጋራዥ ውስጥ ሁለቱን ማገናኘት በጤና መቀለድ ነው።

በኬሚካል ያልሄደ የመፈግፈግ እድፍ፣ ለምሳሌ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የላሰው ጥቁር መስመር፣ በመታሸት ይነሣል። ከለዘብተኛው ይጀመር። መጀመሪያ ለግድግዳ እድፍ የሚሸጠው ነጭ የሜላሚን ስፖንጅ በውኃ ተነክሮ ይሞከር፤ ይህ ዓይነት ስፖንጅ ለስላሳ ቢመስልም በእውነቱ በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። እሱ ካልበቃ ሳሙና ያለበት የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ በፊደሉ አናት ላይ ብቻ፣ በቀላል እጅ። የመጨረሻው 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እየራሰ፣ በትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ነው። እንጨቱ የሚያስፈልገው ጣት ባዶውን ሲጫን መሐሉን አጎድጉዶ ጠርዙን ስለሚያደፈርሰው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ እዚህ ሁለት ደቂቃ ለማትረፍ በደረቅ ወረቀት የሚፍቅ ሰው ከነጩ ሥር ያለውን ጥቁር ያገኘዋል፤ ያ ጥቁር ከታየ በኋላ ጎማውን ከመቀየር በቀር መመለሻ የለውም። ብርጭቆ ወረቀቱን በአንድ ጎማ ዕድሜ ከሁለት ጊዜ በላይ ባልጠቀም እመርጣለሁ።

እድፉ ከውጭ ያልመጣ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ፊደሉ ተጠርጎ፣ ታሽቶ፣ ነጭ ሆኖ አድሮ በማግስቱ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኖ ከተገኘ፣ ቀለሙ የሚመጣው ከጎማው ውስጥ ነው። ይህ በአሮጌ ጎማ ላይ የዕድሜ ምልክት ነው፤ ቁጥሩን አንብበው ለመቀየር ይዘጋጁ እንጂ ክንድዎን አያድክሙ። በነጭ የቀለም እስክሪብቶ የሚደልሉትም አሉ። ጎማ በየዙሩ ይተጣጠፋል፣ ቀለም አይተጣጠፍም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቅና ይላጣል፣ በዚያው ስንጥቅ ውስጥ የሚገባው ቆሻሻም ከዚያ ወዲያ አይወጣም።

ማብለጭለጫና ጥበቃ

ጥቁሩ ጎን ከታጠበ በኋላ ግራጫ መስሎ ስለሚታይ ብዙዎች ማብለጭለጫ ይቀቡታል። በእኔ አስተያየት ንጹሕና ደብዛዛ ጎማ ከሚያብለጨልጭ ጎማ ይልቅ የ1978 መኪናን ይመስላል፤ ግን ምርጫ ነው። የሚቀባ ሰው በውኃ የተዘጋጀውን ዓይነት ይምረጥ፤ በነዳጅ ውጤት የተዘጋጀው የጎማውን መከላከያ ኬሚካል እየሳበ ያወጣል፣ ያንኑ ቡናማ ነገር ያበዛል። ናፍጣ በጨርቅ ነክሮ ጎማ የማጥቆር የድሮ ልማድም በዚህ ምክንያት ለማንኛውም ጎማ መጥፎ ነው፤ ለነጭ ፊደል ደግሞ ሞት ነው። ማብለጭለጫው በስፖንጅ ላይ ተደርጎ በጥቁሩ ላይ ብቻ ይቀባ፤ ፊደሉ ላይ ያረፈው ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ በጎማው ጥርስ ላይ ግን በፍጹም አይቀባ፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ትንሸራተታለች።

የሚቀጥለው ትልቁ ጥበቃ መኪናዋን የት እንደሚያሳጥቧት ነው። መኪና እየተሳበ የሚያልፍበት አውቶማቲክ ማጠቢያ ጎማውን በሁለት የብረት ጠርዝ መካከል ስለሚመራው፣ የጎማውን ጎን በትክክል ፊደሉ ላይ ይልሰዋል። እኔ የምኖርበት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለው አፓርታማ ግቢው ውስጥ መኪና ማጠብ ስለማይፈቅድ፣ ቅዳሜ ጠዋት ማልጄ በሳንቲም የሚሠራ የራስ ማጠቢያ ቦታ እሄዳለሁ፤ ባልዲዬንና ብሩሾቼን ይዤ። ጎማውን በኃይለኛ ውኃ ሲመቱ አፈሙዙን ከፊደሉ ክንድ ያህል ማራቅ ያስፈልጋል፤ ተጠግቶ የሚመታ ውኃ የነጩን ጠርዝ ያነሣል። በጠባብ መንገድ ዳር ሲያቆሙም ወደ ጠርዙ አይጠጉ፤ ወደ ዋሽንግተን በወጣሁ ቁጥር ከጠርዙ አንድ ስንዝር ርቄ ማቆምን ልማድ አድርጌዋለሁ።

የነፋሱ ልክም ፊደሉን ይነካዋል። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ጎኑ ወደ ውጭ ስለሚያብጥ ፊደሉ ከጠርዝ ጋር የሚገናኝበት ዕድል ይጨምራል፣ ጎማውም ይሞቃል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በአምስት ተኩል ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቀንስ የጎማው ነፋስ በ1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ በመስከረም የተሞላ ጎማ በታኅሣሥ ጎድሎ የሚገኘው ሳይተነፍስ ነው። መለኪያው ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ይሁን።

ለክረምት የምትቀመጥ መኪና ጎማዎቿ ከመታጠባቸውና በደንብ ከመድረቃቸው በፊት አትሸፈን፤ እርጥበቱ ከሽፋኑ ሥር ቡናማውን ያፈላዋል። ማብለጭለጫም አይቀባ። ኦዞን ጎማን ይሰነጣጥቃልና፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለበት መሣሪያ፣ ለምሳሌ የነፋስ መሙያ ኮምፕሬሰር፣ ካለበት ጥግ ትራቅ። ጎማዎቹ ተነቅለው የሚቀመጡ ከሆነ ነጩ ከነጩ ጋር ፊት ለፊት ተደርጎ ይደራረብ እንጂ ነጩ በሌላው ጎማ ጥቁር ጎን ላይ አይተኛ፤ በመካከላቸውም ንጹሕ ካርቶን ይግባ። እኔ አንድ ክረምት ካርቶኑን ረስቼ ነጩን በጥቁሩ ላይ አስተኝቼው፣ በመጋቢት ሳነሣው የታችኛው ጎማ ጌጥ ቀለበት በቀለበት ሆኖ በላይኛው ፊደል ላይ ታትሞ አገኘሁት፤ ሜላሚኑም ሽቦውም አላነሡትም፣ ዛሬም በግራ የኋላ ጎማ ላይ ቀርበው ላዩት ይታያል።